ያለ ደላላ ቤት ሲሸጡ አስቀድመው ቤቱን ይፈትሹ፦ በሰሜን ሸዋ ለሚሸጡ ዝርዝር መመሪያ

ያለ ደላላ ቤት የሚሸጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት ገዢ ሲፈልጉ ሳይሆን ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ ነው። ገዢው ግንበኛ አስከትሎ ይመለሳል። ግንበኛው ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል፣ የሽንት ቤቱን ክዳን ያስነሣል። ባለቤቱ ኖሮበት የማያውቀውን የቤቱን ጉድለት ከእንግዳ ሰው አፍ ይሰማል። ደላላ ቢኖር መሃል ገብቶ ነገሩን ያለዝበው ነበር፤ እርስዎ ግን ብቻዎን ነዎት።

በእኛም ደርሷል። ደብረ ብርሃን የሚገኘውን የእናታችንን ቤት ቀለም ቀብተን ለገዢ አሳየን። ቀብድ ከተቀበልን በኋላ ገዢው አልጋው የት እንደሚገባ ሊለካ መጣና ቁም ሣጥኑን ሳብ አደረገው። ከኋላው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል፤ ልስኑ አብጦ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። እናታችን እዚያው ክፍል ስትተኛ ኖራ አላየችውም ነበር። ገዢው ግን «ደብቃችሁኝ ነው» አለ። ግድግዳውን ለማሳደስ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቅናሽ ጠየቀ፤ ሰጠነው። የምንከራከርበት አንድም ወረቀት፣ አንድም ፎቶ በእጃችን አልነበረምና።

ሕጉንም ይወቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ገዢው ውሉን ሲፈርም የሚያውቀው ጉድለት ግን በሻጩ ላይ አይመጣም። ስለዚህ ጉድለቱን አግኝቶ፣ ጽፎ፣ ለገዢው ማሳየት የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት እርስዎን ነው። ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ልተው ያለ ሻጭ ደግሞ እጥፉን እንዲመልስ ሕጉ ያዛል። ፍተሻው ከቀብድ በፊት ማለቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ጊዜ ይምረጡ

ውሃ የሚያመጣው ጉድለት በሐምሌና በነሐሴ ይታያል። የመሠረት ስንጥቅ ደግሞ በበጋው መጨረሻ ላይ ይሰፋል። በተለይ እነዋሪና አካባቢው፣ እንዲሁም በሌሎች ጥቁር አፈር ባለባቸው ቦታዎች፣ አፈሩ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም ይዞት ይነሣል፣ ይዞት ይወርዳል። የሚችሉ ከሆነ አንዴ በግንቦት፣ አንዴ በነሐሴ ይፈትሹና መስከረም ከጠባ በኋላ ለገበያ ያቅርቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። እርጥብ ልስን በውርጭ ሌሊት ከቀዘቀዘ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ጥገናውን ከኅዳር በፊት ይጨርሱ። ካልሆነም ጠዋት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ያስለስኑ፤ ማታ በማዳበሪያ ጆንያና በላስቲክ ይሸፍኑት።

ደረጃ 2፦ መሣሪያና ሰው ያዘጋጁ

የሚያስፈልግዎት፦ ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ (ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያሳይ፣ ክብደት የታሰረበት ክር)፣ መሰላል፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ ረዘም ያለ ሚስማር፣ ግልጽ ላስቲክና ፕላስተር፣ እርሳስ፣ ደብተር እና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ።

ብዙውን ነገር ራስዎ ማየት ይችላሉ። ለሦስት ነገሮች ግን ባለሙያ ይጥሩ፦ ለመሠረትና ለስንጥቅ ልምድ ያለው ግንበኛ ወይም መሐንዲስ፣ ለመስመሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ለፍሳሹ የቧንቧ ሠራተኛ። ሲያነጋግሩ «የፍተሻ ዋጋህን እከፍልሃለሁ፤ ጥገናውን ግን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» ብለው ከመጀመሪያው ይንገሩት። ጥገናውን እንደሚያገኝ ተስፋ ያደረገ ሰው ትንሹን ስንጥቅ ያገዝፍብዎታል። በጎረቤትነት በነፃ የሚያይልዎ ሰው ደግሞ እንዳያስቀይምዎት ትልቁን ያሳንሰዋል። ክፈሉ፤ ያየውንም በጽሑፍ፣ ፊርማና ቀን ያለበት አድርገው ይቀበሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳ ክንድ ያህል ያርቁ። ቁም ሣጥኑን፣ ቡፌውን፣ አልጋውን። ይህን ያልፈጸመ ሰው ቤቱን አልፈተሸም።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ከቤቱ ጋር ያመሳክሩ

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና ፕላኑን ይዘው ግቢውን ይዙሩ። አጥሩን በአራቱም በኩል ይለኩና ካርታው ላይ ካለው ስፋት ጋር ያነጻጽሩ። ኋላ የተጨመረ ሰርቪስ ቤት፣ ማድ ቤት ወይም ሱቅ ፕላኑ ላይ ካለ ምልክት ያድርጉ፤ ከሌለም ይመዝግቡት።

ልኩ ካልገጠመ፦ ጎረቤት ላይ ጩኸት አያንሡ፣ አጥርም አያንቀሳቅሱ። ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ልኬት እንዲደረግ ያመልክቱ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ሁለቱም መስማማትና መፈረም አለባቸው፤ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ። ይህ ጉዳይ ሳያልቅ ግንበኛ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ደረጃ 4፦ ከውጭ ይጀምሩ

በቤቱ ዙሪያ በቀስታ ይሂዱ። ዓይንዎ ከመሬቱ አንድ ሜትር ከፍታ በላይ አይነሣ።

1. የዝናብ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ሁለት ባልዲ ውሃ ከግድግዳው ሥር ያፍስሱ። ውሃው ወደ ግድግዳው ከተመለሰ ወይም እዚያው ከቆመ መሠረቱ በየክረምቱ እየራሰ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ መሬት መሥራትና ዲቹን (የውሃ መውረጃ ቦዩን) መጥረግ።

2. አሸንዳው ውሃውን የት ያፈሰዋል? የወራጁ ቱቦ ጫፍ ግድግዳው ሥር ከሆነ ያስረዝሙት።

3. ቤቱ የጭቃ ከሆነ፦ የባሕር ዛፍ እንጨቱ መሬት የሚገባበትን ቦታ በሚስማር ይውጉት። ጤነኛ እንጨት ሚስማሩን ይመልሰዋል። የበሰበሰ እንጨት እንደ ለሰለሰ ዳቦ ያስገባዋል። ይህን በእያንዳንዱ ጥግና በበሩ ግራና ቀኝ ይድገሙት።

4. ሸዋ ሮቢትና ሌሎች ቆላ ከተሞች፦ ምስጥ ይፈልጉ። ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳውን የሚወጣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ካገኙ ፍቁት፤ በቀናት ውስጥ እንደገና ከተሠራ ምስጡ ውስጥ አለ። የበሩን መቃንና የጣሪያውን እንጨት በመዶሻ እጀታ ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተበልቷል።

5. ደብረ ሲናና ሌሎች ተዳፋት ቦታዎች፦ ከቤቱ በላይ ያለውን መሬት ይውጡና ይዩት። አዲስ የተከፈተ የመሬት ስንጥቅ፣ ወደ ቁልቁል ያዘነበለ ዛፍ ወይም አጥር፣ ሆዱ የተነፋ የድንጋይ ግንብ ካለ መሬቱ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ይህን በቀለምና በልስን አያልፉትም፤ መሐንዲስ ሳያይ አይሽጡ።

6. የመንዝ የድንጋይ ቤት፦ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከሆነ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ታጥቦ እንደሆነ በጣትዎ ይሞክሩ። ጣትዎ ከገባ ግንቡ ከውስጥ እየላላ ነው።

ደረጃ 5፦ ስንጥቁን ያንብቡ

ገዢን እንደ ስንጥቅ የሚያስደነግጠው ነገር የለም፤ ብዙው ስንጥቅ ግን ምንም አይደለም። የትኛው የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብዎት።

እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ልስኑ ላይ ብቻ ያለ፣ ወዲያና ወዲህ የተበታተነ ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይነግርዎታል። ከላይ ሰፍቶ ከታች የጠበበ ከሆነ የቤቱ አንዱ ጎን እየሰመጠ ሊሆን ይችላል።

መለኪያ አለዎት፤ የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ስንጥቁ ውስጥ ካርዱ ካልገባ ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ ቀኑን ይጻፉና ይተዉት። ከገባ ባለሙያ ይጥሩ።

ባለሙያውን እስኪያገኙ፦ ልስኑን ጠርገው ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ የመዳፍ ስፋት ያለው ጄሶ ይለጥፉ። ቀኑን ጄሶው ላይ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሡ። ከአንድ ወር በኋላ ጄሶው ሳይሰበር ከተገኘ ስንጥቁ አሁን እየሄደ አይደለም። ከተሰበረ እየሄደ ነው። ይህ የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ለገዢው የሚሰጠው መተማመን ግን ትልቅ ነው፤ የእርስዎን ቃል ሳይሆን ቀን ያለበትን ጄሶ ያያልና።

ቱንቢውን ከግድግዳው አናት ይልቀቁ። ግድግዳው ከክሩ እየራቀ ወይም እየተጠጋ ከሄደ ርቀቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክተው ይመዝግቡ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በእኛም አካባቢ ተሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ ስንጥቅ ካለ «ከመንቀጥቀጡ በኋላ የታየ» ብለው ይጻፉት። ገዢው መጠየቁ አይቀርም።

ደረጃ 6፦ ጣሪያውን ከውስጥም ከላይም

ቀን፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ የኮርኒሱን መፈተሻ ቀዳዳ ከፍተው ይውጡ፤ ከሌለ አንድ ጥግ ያስከፍቱ። ባትሪውን ሳያበሩ ለሁለት ደቂቃ ይቀመጡ። ዓይንዎ ጨለማውን ሲለምድ ቀዳዳዎቹ እንደ ኮከብ ይታዩዎታል። እያንዳንዱን በእንጨቱ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።

ዝናብ ከሌለ በጎማ ውሃ ይሞክሩ። ከታችኛው የጣሪያ ጠርዝ ይጀምሩና በየ10 ደቂቃው ወደ ላይ ከፍ ይበሉ፤ አንድ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወርዶ ስለሚያሳስት የሚያፈሰውን ቦታ አያገኙትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆርቆሮ ላይ ሲረግጡ የሚስማሩን መስመር ተከትለው ይርገጡ፤ እንጨቱ ያለው ከዚያ ሥር ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ በጭራሽ አይውጡ።

እዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎ። በብርድ ጠዋት፣ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ይህ ማፍሰስ አይደለም፤ የቤቱ ሙቀትና ትንፋሽ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ላብ ሆኖ ነው። ጣሪያ ከማስቀየርዎ በፊት ዝናብ በሌለበት ሳምንት የትኛው ጠዋት እንደሚንጠባጠብ ይመዝግቡ። ላብ ከሆነ መፍትሔው በጣሪያው ጎን አየር ማስገቢያ መክፈት ነው።

ደረጃ 7፦ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ይለዩ

የጠቆረ ወይም ያበጠ ግድግዳ ካገኙ ቀለም አያስቀቡ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ብዙም ሳይቆይ ያብጣል፤ ያን ጊዜ «ሸፍነው ነው» ለሚል ገዢ መልስ የለዎትም።

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንሡት። ጠብታው ላስቲኩ ከግድግዳው ጋር በሚነካካበት ጎን ካለ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ከመሬት ይመጣል ወይም የቧንቧ ፍሳሽ ነው። ጠብታው ወደ ክፍሉ ባለው ጎን ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት መክፈትና የፈላ ውሃ ወይም ከሰል የሚነድበትን ቦታ መቀየር ይበቃል። ከታች ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ እርጥበት ከመሬት ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ጣሪያውን ይጠርጥሩ።

የእናታችን ግድግዳ ያው ከመሬት የመጣ ነበር። ከውጭ በኩል ዲቹ በአፈር ተሞልቶ ውሃው ዓመታት ሙሉ ሲቆም ኖሮ። ግማሽ ቀን በአካፋ የሚጠረግ ነገር ነበር።

ደረጃ 8፦ ኤሌክትሪክ

ማስጠንቀቂያ፦ የመስመር ሥራ የማይችሉ ከሆነ ሳጥን አይክፈቱ። የቆጣሪውን ማኅተም በምንም ምክንያት አይንኩ፤ ተቆርጦ ካገኙት ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያሳውቁ።

ራስዎ የሚችሉት ይህ ነው። ሁሉንም ማጥፊያና ሶኬት አንድ በአንድ ይሞክሩ። ቀጥሎ የእንጀራ ምጣዱን ለግማሽ ሰዓት ያብሩ። ብዙ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎ ወዲያው ያጥፉ። ሽቦው ቀጭን ነው ወይም መጋጠሚያው ላልቷል። ብሬከሩ ደጋግሞ ከወረደ ትልቅ ብሬከር አያስቀይሩ፤ ብሬከሩ ሽቦውን እየጠበቀ ነው። ባለሙያው ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ወፍራም መስመር ከሳጥኑ ይዘርጋ።

የመሬት ሽቦ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው) መኖሩን ባለሙያውን ይጠይቁ። ከሌለ ይጻፉት። ብዙ የቆየ ቤት የለውም፤ መደበቁ ነው የሚያስጠይቀው።

ደረጃ 9፦ ውሃና ሽንት ቤት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ቧንቧዎችን ሁሉ ይዝጉ፤ ወደ ሮቶ የሚገባውንም። የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ ያንሡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይዩ። ቁጥሩ ከተነቃነቀ መሬት ውስጥ የሚፈስ አለ። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መስመር ላይ በበጋ ለምለም የሆነ ሣር ካለ ቁፋሮውን ከዚያ ይጀምሩ።

የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን ሰው አጠገብዎ ሳይኖር አያንሡ። ወደ ውስጥ አይጎንበሱ፣ ክብሪት ወይም ሻማ አያብሩ፣ ማንም እንዳይገባ። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጋዝ በጥቂት እስትንፋስ ሰው ይጥላል፤ ሊያወጣ የገባውም አብሮ ይቀራል። ከሩቅ ሆነው ረጅም እንጨት አስገብተው ከፍታውን ይለኩ። ከአፉ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ከቀረው ከማሳየትዎ በፊት በመኪና ያስመጥጡ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ደረጃ 10፦ ምን ይጠገን? ምን ይነገር?

ዝርዝርዎን በሦስት ይክፈሉ። በትንሽ ገንዘብ የሚጠገነውንና ገዢን የሚያስበረግገውን ሁሉ ያስጠግኑ፦ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የላላ የጣሪያ ሚስማር፣ የተሰበረ ሶኬት፣ የተዘጋ ዲች። ለሰው ሕይወት አደጋ የሆነውን ዋጋው ቢበዛም ያስጠግኑ። ትልቁንና ውዱን፣ ለምሳሌ የመሠረት ሥራን፣ አይነካኩት። ከሁለት ባለሙያ የጥገና ዋጋ በጽሑፍ ያምጡና ከቤቱ ዋጋ ላይ ራስዎ ይቀንሱ። ቅናሹን እርስዎ ሲያነሡት የጥገናውን ያህል ነው፤ ገዢው ሲያነሣው ግን የፍርሃቱን ያህል ይሆናል።

ደረጃ 11፦ ለገዢው ያሳዩ፣ በውሉ ያስገቡ

የጉድለቱን ዝርዝር በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ቦታው፣ የታየበት ቀን፣ የተደረገው ጥገና። ገዢው ቤቱን ሊያይ ሲመጣ፣ ከቀብድ በፊት፣ በእጁ ይስጡትና ዝርዝሩን ይዘው አብረው ይዙሩ። ቁም ሣጥኑን ራስዎ ሳብ ያድርጉለት። ግንበኛ ላምጣ ካለ ቀን ይስጡት፤ «አታምነኝም ወይ» አይበሉ።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። ዝርዝሩን የውሉ አባሪ ያድርጉት፤ በየገጹ ሁለታችሁም ፈርሙ። በውሉም ውስጥ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ይኑር፦ «ገዢ በአባሪው የተዘረዘሩትን ጉድለቶች ቤቱን በአካል ተገኝቶ ካየ በኋላ አውቆ፣ በተስማማው ዋጋ ገዝቷል።» ቃሉን ጠበቃ ወይም ውል ጸሐፊ ያስተካክልልዎ።

ከውሉ በኋላ ገዢው አዲስ ጉድለት አገኘሁ ቢል፦ በስልክ አይመልሱ። ሄደው አብረው ይዩ፣ ከፎቶዎ ጋር ያነጻጽሩ። ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም የምታምኑት ሦስተኛ ባለሙያ በጋራ ወጪ ይይ።

ደረጃ 12፦ የርክክብ ቀን

የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር አብራችሁ አንብቡና በወረቀት ላይ ፈርሙበት። ያለፈው ሂሳብ የተከፈለበትን ደረሰኝ ያስረክቡ። ባዶውን ቤት ክፍል በክፍል ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ዕቃ ሲወጣ የሚጫር ግድግዳ አለና። የቁልፎቹን ብዛት ቆጥረው ያስፈርሙ። የጄሶውን ምልክት አይፋቁት፤ ለአዲሱ ባለቤት ቀኑን አሳይተው ይተዉለት።